አንድ ጥያቄ ብቻ ያላቸው ሰው

ስብሰባ ባለበት አገር ሁሉ፣ ሊያልቅ ሲል እጁን የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። የእኛ የካይሮው ሰው ግን ከሁሉም ይብሳሉ። ክቡርነታቸው ባሽመሐንዲስ ዋጊህ ይባላሉ፤ እኛ አገር መሐንዲስን በአክብሮት የምንጠራው እንዲህ ነው።

እኔ የጎማ ቱቦ ደረጃ የሚያወጣው ብሔራዊ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ከጋዝ ሲሊንደር ወደ ምድጃ የሚሄደው ቱቦ ምን ያህል ይወፍር፣ ምን ያህል ሙቀት ይቻል የምንለው እኛ ነን። ሥራችን በስምምነት ነው፤ አንድ አባል ከተቃወመ ረቂቁ ተመልሶ ይጠናል። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ዋጊህን አያውቃቸውም ነበር።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» ይላሉ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ። በዚህች አንድ ጥያቄ ሁለት ረመዳን አልፎብናል። ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ብናወጣው አርባ አንድ አስተያየት መጣ፤ አርባ አንዱም የእሳቸው።

የመጨረሻው ጭቅጭቅ የቱቦው አገልግሎት የሚያበቃበት ዘመን የት ይታተም የሚል ነበር። የፋብሪካዎቹ ተወካይ ሐጂ ረሽዋን ጥቅሉ ላይ አንዴ ይበቃል አሉ። ዋጊህ በየስንዝሩ ይሁን አሉ።

«በየስንዝሩ? ቱቦ ነው ጋዜጣ?»

«ሐጂ፣ ሰው የሚገዛው በሜትር እያስቆረጠ ነው። ጥቅሉ እኮ ሱቅ ይቀራል!»

«ኧረ ሳልሞት ልቀቁኝ!»

ባለፈው ማክሰኞ ተአምር ሆነ። ዋጊህ ለዓይናቸው ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ገቡ። ሐጂ ረሽዋን በደስታ አንድ ትሪ ባስቡሳ ይዘው መጡ፤ ጣፋጩ ገና ትኩስ ነበር። ሰብሳቢያችን ዶክተር ኢንሳፍ ጊዜ አላጠፉም።

«ጥቅሉ ላይ አንዴ ይታተም። ተቃውሞ አለ?»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር የመጣሁት። ችግሩ፣ በዋዜማው እናቴ ቤት ጋዝ ሸቶኝ ቱቦውን ፈትቼው ነበር። ተሰነጣጥቋል። ዕድሜውን ለማወቅ ላይ ታች ባገላብጠው አንድ ፊደል የለበትም።

«አባትህ ነው ያስቆረጠው» አለች እናቴ። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ሰብሳቢዋ ተቃውሞ አለ ወይ ሲሉ ሁሉም የዋጊህን ባዶ ወንበር አየ። ያ ነዝናዛ ሽማግሌ እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጸሐፊ ድምፅ የለውም፤ ቃለ ጉባኤው ግን በእጄ ነው።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አልኩ። «የባሽመሐንዲስ ዋጊህ ተቃውሞ እዚህ ተመዝግቧል። ሰውየው ስለታመሙ ቀርቷል ብዬ ልጻፍ?»

ዶክተር ኢንሳፍ «ተመልሶ ይጠና» ብለው ረቂቁን አጣጥፈው አስቀመጡት። ሐጂ ረሽዋን ትሪያቸውን ከፊቴ አነሱ።