የሚስተር አክሮይድ አሮጌ ቃላት

የሞቱ ቃላትን ከመቃብር እያስነሳ ጎረቤቱን የሚያደክም ሽማግሌ የሌለበት መንደር እንግሊዝ አገር ውስጥ የለም። ለሞሪን የደረሷት ሊቀ ሊቃውንት ሚስተር አክሮይድ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ቤታቸው ከእሷ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል።

ዳቦ ቤት ስትሸጥ ቆማ ውላ እግሯ አብጦ ስትመለስ፣ ሊቁ አጥሩን ተደግፈው ይጠብቋታል።

«ሞሪን፣ መሰላሌን መቼ ትመልሺልኛለሽ?»

«ከነገ ወዲያ፣ ሚስተር አክሮይድ።»

«ኦቨርሞሮው!» እጃቸውን ወደ ሰማይ ይዘረጋሉ። «አያቶቻችን ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይጨርሱት ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ይጣላል?»

«እኔንም እግሬ ሊጥለኝ ነው» ትልና በሩን ዘግታ ትገባለች።

ዓርብ ዓርብ በወረቀት የተጠቀለለ ዓሣና ድንች ጥብስ ይዛ ስትመጣም አይምሯትም። «ግሮክ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሰው ሲበላ ‹ምናለ ባጎረሰኝ› እያሉ አፍ አፉን ማየት ነው።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ከድንቹ አይነሳም። ምን ታድርግ፣ ወረቀቱን ትዘረጋላቸዋለች።

ባሏን ባሪንማ መኪናው ሥር እንደተጋደመ አገኙትና «ፈጀል ይሉታል፤ ሳይሠሩ የሚሠሩ መምሰል» አሉት። ባሪ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን ሲሰማ ራዲዮኑን እስከ ጥግ ይከፍታል።

በየካቲት ወር ባሪ ደረቱን እንደያዘ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀ።

ሞሪን ቀዶ ጥገና ክፍሉ ደጃፍ ተቀምጣ ሳለ፣ ሚስተር አክሮይድ ፔርሙዝ ይዘው በኮሪደሩ ብቅ አሉ። «ዛሬስ አልችልም» አለች በሆዷ። እሳቸው ግን ሻይ ቀድተው ሰጧትና አጠገቧ ቁጭ አሉ። ዝም። ሻዩ አለቀ፤ አሁንም ዝም። ሞሪን ፍርሃት ገባት።

«ሐኪሙ የነገርዎት ነገር አለ እንዴ?»

«ኧረ ምንም፣ የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ምነው ዛሬ ቃል አጡ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት። «አላጣሁም። አንድ አለኝ። ግን ቀድሜ ልናገረው ፈራሁ።»

ሞሪን እጃቸውን ያዘች።

አመሻሹ ላይ ሐኪሟ ወጥታ «ተርፏል» አለች። ሞሪን ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«በሉ እንግዲህ» አለች፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ «አሁን ይንገሩኝ።»

«ረስፔር።» አሉ ቀስ ብለው። «ተስፋ የቆረጠ ሰው ተስፋው ሲመለስለት። ድሮ ድሮ ይሉት ነበር፤ ኋላ ሰው ረሳው።»

«ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት።

በማግስቱ ባሪ ዓይኑን ሲገልጥ ሊቀ ሊቃውንቱን በሩ ላይ ቆመው አያቸው።

«እኚህ ሰውዬ እዚህም መጡ?» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

«ዝም በል አንተ» አለችው ሞሪን፤ ራስጌው ያለውን ወንበርም ለእሳቸው ሳበችላቸው።