ሽምግልና በማኅበር ኢንተርኔት

ሁለት ሐበሻ ከተገናኘ ማኅበር ይመሠርታል፤ ሦስተኛው ሲመጣ ማኅበሩ ለሁለት ይከፈላል! አትቆጡኝ። ከተቆጣችሁም እጃችሁን አውጥታችሁ በሥነ ሥርዓት ተቆጡ፤ እኛ ሰፈር ያለ ሊቀመንበሩ ፈቃድ አይቆጡም።

ሰፈራችን ካምፓላ ነው፣ ከኪቡሊ ኮረብታ ሥር። እዚህ የሞባይል ዴታ የሚሉት ጉድ አለ... ጠዋት ትሞላላችሁ፣ አገር ቤት ደውላችሁ እናታችሁን “እንደምን አደሩ?” ትላላችሁ፣ እሳቸው “እግዚአብሔር ይመስ...” ሲሉ ያልቃል! ምስጋናው ሳይደርስ ስንት ዓመት ኖርን። በመጨረሻ ሐበሻውም ዩጋንዳዊውም ጎረቤት ተሰባሰብንና የራሳችንን ኢንተርኔት አቋቋምን። አንድ መስመር በጋራ አስገባን፣ አንቴናውን ወይዘሮ ዘነበች ምግብ ቤት ጣሪያ ላይ ሰቀልን፣ ከዚያ ለየቤቱ አከፋፈልን። ርካሽ ነው፣ የራሳችን ነው፣ ማንም ከበርቴ አይበዘብዘንም። የምንበዛበዘው እርስ በርሳችን ነው።

ሊቀመንበራችን ጋሼ በቀለ ስለ ኢንተርኔት የሚያውቁትን ሁሉ የተማሩት ከዕድር ነው። “ኔትወርክ ማለት ድንኳን ነው፤ የመጣ ሁሉ ይገባበታል!” ብለው ሲናገሩ አጨበጨብን። ማጨብጨብ መቼ አቅቶን ያውቃል?

እንግዲህ እኔ በዚህ መሃል ላገባ ተነሣሁ። ሰላም እዚሁ ካምፓላ ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ አባቷ አቶ ታፈሰ ግን ደሴ ናቸው። “ሽማግሌ ሳይላክብኝ ልጄን አልሰጥም” አሉ። ደሴ ያለው አጎቴ ይምጣ ብል፣ “አጎትህ ካየህ ስንት ዘመኑ! ዛሬ አብረውህ የሚኖሩት ይጠይቁኝ” አሉ። እኔ ደግሞ በስደተኛ ወረቀት ሽማግሌ አሳፍሬ ደሴ አልገባ! ሰላም “አባዬ እምቢ ካለ የለሁበትም፤ አውቀህ ግባበት” ብላኛለች። ጉዳዩ በቪዲዮ ጥሪ እንዲያልቅ ተስማማን። ይታያችሁ... ትዳሬ አንድ አንቴና ላይ ተንጠለጠለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ በቀለና ሁለት ሽማግሌዎች ወይዘሮ ዘነበች ምግብ ቤት ተሰየሙ። ሳምቡሳ ቀረበ፣ ስልኩ ጠርሙስ ተደግፎ ቆመ። አቶ ታፈሰ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቅ አሉ። ሽማግሌዎቹ ብድግ!

“የመጣንበትን ጉዳይ ሳይሰሙን አንቀመጥም!” ብለው ጋሼ በቀለ እጅ ለመንሣት ጎንበስ ሲሉ... ቀጥ! ምስሉ ደረቀ። አቶ ታፈሰ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ፤ ድምፅም የለ።

ስልኩን ጠጋ ብዬ ባየው፣ ጥሪው ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ገብቷል! ለካ ጋሼ በቀለ የጥሪውን ሊንክ “አባላት በያላችሁበት ግቡና ልጃችንን በሞራል ደግፉት” ብለው ማኅበሩ ግሩፕ ላይ ለጥፈውታል።

“ጋሼ፣ ምን ጉድ ሠሩኝ!”

“ምን ሆንክ? ሰው ያለው ሰው ነህ፤ እዩኝ በላቸው!”

“ኢንተርኔቱ እኮ ታነቀ! ውጡ ይበሏቸው!”

“አሁኑኑ እጽፍላቸዋለሁ።”

ጻፉም። በታነቀው ኢንተርኔት፣ “ከኢንተርኔቱ ውጡ” የሚል መልእክት ላኩ! ይኸው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

እግሬ አውጪኝ አልኩ። ከጎረቤቴ ከእቴነሽ ጀመርኩ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ኩሏን ተኩላ ስልኳ ፊት ተቀምጣለች።

“እቴነሽ፣ በማርያም፣ ውጪልኝ!”

“እኔ ብቻ? አልማዝ ወጥታለች?”

አልማዝ ጋ በረርኩ። “እቴነሽ ቁጭ ብላ እኔ ልውጣ? እኩል አይደል እንዴ ያዋጣነው?” ብላ አፈጠጠችብኝ። ሮሌክስ የሚሉትን፣ እንቁላል በቻፓቲ ቂጣ ጠቅልላ የምትሸጠው ማማ ናካቶ ደግሞ የቻፓቲ ምድጃዋን አጥፍታ፣ ደንበኞቿን በትና፣ “ሴቦ፣ ጌታው፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?” አለችኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው የተረቱት አባቶቻችን፣ ድሩ ሙሽራንም ጠልፎ እንደሚጥል ሳይነግሩን አለፉ።

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። መንገዱ መሃል ቆሜ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ “ያልወጣ ሰርጌ ላይ አይጠራም!” ብዬ ጮኽኩ። ስልኩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ለካ ፍቱን መድኃኒቱ ይህ ነበር።

እያለከለክሁ ስመለስ ሽማግሌዎቼ ተዘርፍጠው ሳምቡሳውን ያጣጥማሉ። ምስሉ ነቃ ነቃ ሲል፣ “ተነሡ!” ብዬ አንሾካሾክሁ። ዘለው ተነሥተው ጎንበስ አሉ።

አቶ ታፈሰ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ለካ እሳቸው ስልክ ላይ ደግሞ የሽማግሌዎቹ ምስል እጅ እንደነሡ ደርቆ ቆይቷል፤ ሰውየው ስልክ ከማንሣትና ከመዝጋት ውጭ ስለሌላው አያውቁም።

“ተቀመጡ አልኳችሁ፣ አልተቀመጣችሁም” አሉ። “ለመንኳችሁ፣ ቃል አልመለሳችሁም። ያን ሁሉ ጊዜ ንቅንቅ ሳትሉ! እንዲህ ያለ ትሕትና በአባቴም ዘመን አላየሁ። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ያከበሩትን ልጅ እኔ ማን ነኝና እምቢ የምለው? ሰጥቻለሁ!”

“አስተዳደጋችን ነው፣ ጌታዬ” አሉ ጋሼ በቀለ፣ ሳምቡሳቸውን እየዋጡ።

እኔ? በሩ ላይ እንደቆምኩ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እወዳታለሁ እኮ፣ ቀልድ አይደለም! ያቺን ሰዓት ባጣት ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?

ሰርጉ አልፎ ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ተነሣሁና ሐሳብ አቀረብኩ። “መስመራችን ይፍጠን። ትንሽ ብንጨምር ሌላ ሰው እንደኔ አይጨነቅም።”

ጋሼ በቀለ ጠረጴዛውን መቱ። “ውለታ ቢስ! መስመሩ ፈጣን ቢሆን ኖሮ አማችህ ስንበላ ያዩን ነበር! ሚስት የሰጠህን ኢንተርኔት ልታስቀይር? ይህ የማኅበር ንብረት ነው፣ ድምፅ ይሰጥበት። እንዳለ ይቀጥል የምትሉ?”

እጅ እንደ ጫካ ተነሣ። ከተነሡት መካከል አንዱ እጅ ቀለበት አድርጓል። ቀለበቱን ያጠለቅሁላት እኔ ነኝ።