ጠብቆ የሚነበብ ቁራ

የአገራችን ሰው ይህ ሥጋ ይበላል፣ ያ አይበላም ብሎ ሲከራከር ብትሰሙ፣ ከተከራካሪዎቹ አንዱም ቀምሶ እንደማያውቅ ልብ በሉ። ቆቅና ጅግራ ይበላሉ፤ ሚዳቋም ከተገኘች ማን ይጠላል? ጥንቸል ብታመሰኳም ሰኮናዋ አልተሰነጠቀም ተብላ ተርፋለች። ከርከሮማ ስሙም ገበታ ላይ አይነሳ።

ቁራን በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ አይበላም። ላባው ሲነጭ የሚቀረው ሥጋ ለድመት ምሳ አይበቃም። ደግሞስ ሲነጋ ቄራ ገብቶ ሲመሽ ከቄራ የሚወጣ ወፍ ሆዱ ውስጥ ምን ይዞ እንደሚያድር ማን ያውቃል? ከሁሉም በላይ፣ ነቢዩ ኤልያስን በረሃ ላይ እንጀራ እያመላለሰ ያበላው ቁራ ነው። አስተናጋጅ ይበላል እንዴ?

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ተምሬ አይደለም። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል። ከቢቸና ሞጣ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። የቁራን ነገር ያስጠናኝ፣ ቁራ በላ መባሌ ነው።

ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ እትዬ ጥሩዬ የሚባሉ ምግብ ቤት ያላቸው ሴት አሉ። ያንን ሁሉ የፒስታ መንገድ አስፋልት ያስመሰለችልኝ ልጃቸው ስመኝ ናት። እሑድ ሽማግሌ ልልክ ቀን ተቆርጦ ነበር። እትዬ ጥሩዬ ከልጃቸው ቀጥሎ የሚሳሱለት አንድ ቁራ አላቸው። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ እሳቸውም ትርፍራፊ ሥጋ ይወረውሩለታል። ሰፈሩም «የጥሩዬ ቁራ» ይለዋል።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ጎማ ፈንድቶብን ሞጣ የደረስነው የምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እትዬ ገበያ ወጥተዋል፤ ስመኝም ለተዝካር ደብረ ወርቅ ሄዳለች። ስመኝ ከመሄዷ በፊት ግን ለእኔ አንድ ቁራሽ እንጀራ ወጥ አስነክታ፣ ለእናቷ ሳትነግር፣ በሳህን ከድና ትታልኛለች። በላሁ፤ ሳህኑንም አጠብሁ። ዝም ብዬ ብሄድ ምን ነበረበት? አማች ልሆን ነውና ጨዋነቴ ይታወቅልኝ አልሁ። ስደውል ኔትወርኩ እንቢ ስላለኝ ለእትዬ ሜሴጅ ጻፍሁ፦ «እትዬ፣ ቁራሽ ደርሶኛል። በልቼዋለሁ፤ ይጣፍጣል። እግዜር ይስጥልኝ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ጣት ሲያመልጥ ግን ሞጣ በሙሉ ያውቃል።

እትዬ ጥሩዬ ፊደል ስላልቆጠሩ፣ እንዲያነቡላቸው ስልኩን ለጎረቤታቸው ለየኔታ ሰጧቸው። የኔታ ቅኔ ሲያስተምሩ፣ ከሰም ውስጥ ወርቅ ሲያወጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ተራ ሜሴጅ ነው ብለው ያልፉታል? ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። እኔ «ራ»ን አጥብቄ የእንጀራ ቁራሽ ብዬ የላክሁትን፣ እሳቸው አላልተው «ያንቺ ቁራ» ብለው አነበቡት። የባሰው ነገር፣ ያ ወፍ በዚያው ቀን ከቆርቆሮው ላይ ጠፋ።

ሰሙ ሞጣ ላይ ቀለጠ፤ ወርቁ ከሚኒባሳችን ቀድሞ ደብረ ወርቅ ደረሰ። እዚያ የተሳፈሩ አንዲት እናት፣ ደግፌ ላስገባቸው እጄን ብዘረጋ፣ በሩን ይዘው ወጡ። ስመኝ ለእናቷ ደውላ ብታስረዳም፣ ለወደደችው አዳልታ ነው ተባለች። ቢቸና ስገባ፣ ሽማግሌ ሊሆኑልኝ የተዘጋጁት አጎቴ ጋቢያቸውን መልሰው ሰቅለውታል። ንስሐ አባትህ ዘንድ ሄደህ ጸበል ካልተረጨህ ከአንተ ጋር ገበታ አልቀርብም አሉኝ።

የተከራከረልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሌላ አገር ተመድቦ ሞጣ የሚሠራ፣ ደንበኛችን የሆነ ነርስ። ሥጋ ሥጋ ነው፣ በደንብ ከበሰለ ምን አጠፋ እያለ ሙሉ ተሳፋሪ ፊት ይሟገትልኛል። ኧረ አልበላሁም ስለው፣ አይዞህ አትፈር ይለኛል። እንዲህ ያለ ጠበቃ ከዐቃቤ ሕግ አይብስም?

እሑድ አጎቴን እግራቸው ላይ ወድቄ ለምኜ ሞጣ ወሰድኋቸው። ሚስት የሚጠይቅ ሰው ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ እኔ ግን ተከሳሽም ስለነበርሁ ተፈቀደልኝ። የኔታ መሐል ተቀምጠዋል። እትዬ ጥሩዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሆዳቸውን አወጡት።

«ቁራዬን መብላቱን ንስሐ አባቱ ይፍቱት። እኔን፣ የእናቱን እኩያ፣ አንቺ ማለቱን ግን ማን ይፈታዋል?»

መብራት ጠፍቶ እንደመጣለት ቤት ሆንሁ። ለካ ሴትዮዋን ያንገበገባቸው ወፉ አይደለም፤ «ሽ» ናት።

«እትዬ፣ እኔ እርስዎን አንቺ ብዬ አውቃለሁ?» አልሁ። «የእርስዎን ወፍ ብበላ ኖሮ ‹ቁራዎ ደርሶኛል› ብዬ አልጽፍም ነበር?»

የኔታ ስልኩን ተቀብለው አንዴ አጠበቁት፣ አንዴ አላሉት። ያገኙትን ወርቅ መጣል እንደከበዳቸው ያስታውቃል። ቆይተው፣ ልጁ እውነቱን ነው፤ ይህ ቃል ላልቶ ለአንቱታ አይሆንም፤ ጠብቆ ይነበብ ብለው ፈረዱ። የእትዬ ጥሩዬ ፊት በራ። አንቺ አለመባላቸው ከተረጋገጠ በኋላ ስለ ወፉ የጠየቀ የለም። ልጃቸውን ሰጡኝ።

ተመርቀን ልንነሳ ስንል ቆርቆሮው ኳ ኳ አለ። ወጥተን ብናይ፣ የጥሩዬ ቁራ ምንም እንዳላደረገ ሰው ላባውን እያበጠረ ቆሟል። የቁራ መልእክተኛ አይመለስም ያለው ማን ነበር?

ደረቴን ነፍቼ ወደ አጎቴ ዞርሁ። ወፉን አዩት፤ እኔንም አዩኝ፤ ከዚያ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፦

«እንኳን ደስ አለህ። እንግዲያ የበላኸው የማንን ነው?»