ጋሽ ተፈራ ያለ ከዘራ የበረሩ ዕለት

ደንብ አንብቦ የሚጓዝ ሰው ጭራሽ ካላነበበው ይልቅ ይጉላላል። ካላመናችሁኝ ስሙኝማ...

እኔ ጀጎል ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ሥራውን ማንም አላስተማረኝም፤ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ነው የለመድኩት። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን እጥፍጥፍ ወረቀት እንኳ እስከ መጨረሻዋ መስመር አነባለሁ። ታዲያ ሽማግሌ በአውሮፕላን ልልክ ስነሳ የአየር መንገዱን የሻንጣ ደንብ ሦስት ጊዜ ባነብ ምን ይገርማል?

ሐረር ለሥራ መጥታ የተዋወቅኳት ሜሮን ቤተሰቦቿ አዲስ አበባ ናቸው። አባቷ ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ ናቸው። "ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ይምጡ፤ ካረፈዱ በሩ አይከፈትም" ብለው ልከውብኛል። ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚያው አዲስ አበባ የሚኖሩ ዘመዶቼ ናቸው። ዋናው ተናጋሪ ግን ጎረቤቴ ጋሽ ተፈራ ናቸው። ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ በአውቶቡስ እንዳይሄዱ ወገባቸው አይችለውም፤ አንደበታቸው ግን... ተዉት! እሳቸው ለምነው እምቢ የተባሉበት ቤት የለም። ደግሞም ያለ ከዘራቸው አንድም ቀን ለምነው አያውቁም። ብድግ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ከዘራቸው ላይ ተደግፈው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው... ንግግሩ የሚጀመረው እንዲያ ነው።

ደንቡ የእጅ ሻንጣ ርዝመት ከ55 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም ይላል። ሜትሬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ከዘራው 93!

"ጋሼ፣ አይገባም።"

"ምኑ?"

"ከዘራው። በሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል።"

"ቁረጠዋ!" አሉኝ በንዴት።

መፍትሔ ነበረኝ። ከኤረር በር ቁልቁል ያለውን ሸለቆ በእግሩ ሲዞር የከረመ አንድ የውጭ እንግዳ ሲሄድ የተወልኝ የተራራ ምርኩዝ አለ። ቀላል ብረት ነው፤ ሦስት ቦታ ይታጠፋል። ሲታጠፍ 36 ሳንቲ ሜትር! ጭቃውን ጠርጌ፣ የጫፉን ጎማ አጥቤ አቀረብኩላቸው። ጋሽ ተፈራ ብርቱካናማ ማንጠልጠያውን በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩት።

"አንተ ልጅ፣ የምትልከኝ ልጅ ልጠይቅልህ ነው ወይስ ተራራ ልወጣልህ?"

"አዲስ አበባ ሲደርሱ ይዘረጋል ጋሼ። ያው ከዘራ ነው በቃ።"

"ከዘራ ታጥፎ አያውቅም!"

ብቻ ለእኔ ሲሉ ተስማሙ። ቅዳሜ ጠዋት አብሬያቸው ልበር ከሸዋ በር ሚኒባስ ይዘን ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድን። ጊዜ እንዳይባክን ብዬ የሚጫን ሻንጣ አልያዝንም። ይህችንም አስቤባት ነው እንግዲህ!

ፍተሻው ላይ ቦርሳዬ ማሽኑ ውስጥ ገባ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ገባ። ፈታሹ ምርኩዙን መዘዘና የጫፉን ጎማ ነቀለው። ከሥሩ ብቅ ያለውን ብረት እኔም ያየሁት ያኔ ነው... ወስፌ በሉት!

"ይሄ አያልፍም። ከሻንጣ ጋር ነው የሚጫነው።"

"36 ሳንቲ ሜትር እኮ ነው!"

"ወንድሜ፣ ርዝመቱን ማን ጠየቀህ?"

ሮጬ ብመለስ የሻንጣ መቀበያው ተዘግቷል። ተመልሼ ፍተሻው ጋ ስደርስ ከኋላችን አንድ አባት መጥተዋል። የያዙት ከዘራ የበር መወርወሪያ ያህላል። ፈታሹ ተቀብሎ በማሽኑ አሳለፈውና በሁለት እጁ መለሰላቸው። "ይለፉ አባቴ!"

ጋሽ ተፈራ ሰውየውን አዩ። ከዘራውን አዩ። ከዚያ እኔን... እኔን ግን አይተው ቶሎ አልጨረሱም።

"ከዘራ ይፈቀዳል እንዴ?" አሉት ፈታሹን።

"እንደ እርስዎ ላለ ሰው? ምን ጥያቄ አለው! ደንቡ ላይ አለ።"

አለ! ሌላ ገጽ ላይ ነው ያለው፤ በኋላ አግኝቼዋለሁ። የሻንጣውን ገጽ ሦስት ጊዜ ሳነብ፣ ከዘራ ሻንጣ አለመሆኑን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም።

"እኔ አልሄድም" አሉ ጋሽ ተፈራ። "ስናገር እጄን የት ላድርገው? ኪሴ ውስጥ?"

"ጋሼ፣ በሩ ይዘጋብናል! ሜሮን እኮ..."

ጋሽ ተፈራ አየት አደረጉኝና ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ባዶ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወደ ውስጥ ገቡ። ምርኩዙን ለፈታሹ ትቼ ተከተልኳቸው።

ለዘጠኝ ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው እነ ሜሮን በር ላይ አደረስኳቸው። እዚያ ከጠበቁን ሁለቱ ዘመዶቼ ጋር ገቡ። እኔ ማዶ ካለች ሱቅ በረንዳ ላይ ቀረሁ፤ ልግባ ብል ወጉ አይፈቅድልኝም። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆየሁ። ሲወጡ በጋሽ ተፈራ ፊት ላይ ደስታም ሐዘንም የለም።

"ጋሼ?"

"ሰጡን።"

"እንዴት አድርገው?"

"ለመናገር ብድግ ልል ስል የምደገፈው የለኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። አባትየው ሊያነሱኝ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ።"

"እሺ?"

"በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኳቸዋ! እሺ እስኪሉ ድረስ አልለቀቅኳቸውም።"

ሜሮን በማግስቱ ደውላ እንደነገረችኝ፣ መቶ አለቃው የዚያን ዕለት እራታቸውን የበሉት በማንኪያ ነው... ያውም በግራ እጃቸው።