የሀረጎው ጃኬት

የጥንቱን ሁሉ አውቆ የዛሬውን የሚረሳ ምሁር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ገጥሞኛል። አርኪዮሎጂስት ነው። ወፍራም ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ፣ ድሮ በቀይ ባሕር ዳርቻ ዛጎል እየለቀሙ ስለኖሩ ሰዎች ያስተምረናል። የሀረጎን ቁልቁለት ስናጋምስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ላቡ ተንቆረቆረ፣ ትምህርቱ ግን መች ሊቆም!

«ባሕሩ ሲሸሽ፣ አየሩ ሲለወጥ፣ እነዚያ ሰዎች እንዴት ተረፉ? እስካሁን አልተደረሰበትም!» አለ።

አጠገቡ የተቀመጡት እትዬ ዘሃራ፣ እንደ ደሴ ሰው ደንብ፣ ሹራባቸውን አውልቀው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱ።

«ወላሂ እኔ አልነበርኩም ልጄ» አሉት፣ «ግን መጀመሪያ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ አልቀሩም።»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። ያን ቀን ሳይንስ ኮምቦልቻ የገባው በሸሚዙ ነው።