ትኩስ የእሸት ዳቦ ፍለጋ ለአያ ፈንታሁን

ጎንደር ውስጥ ፒዛ ማግኘት ቀላል ነው። በርገርም ሞልቷል። በቅጠሉ ተጠቅልሎ የተጋገረ አንድ ትኩስ የእሸት በቆሎ ዳቦ አምጣ ብትባሉ ግን ወዴት ትሄዳላችሁ? አታውቁም አይደል? እኔም አላውቅም ነበር። ዘንድሮ መስከረም ላይ ግን እግሬ እስኪነቃ ዞሬ ተማርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚስቴ አባት አያ ፈንታሁን ለሆድ ቀዶ ሕክምና ከአዲ አርቃይ መጡ። ከሆስፒታል ሲወጡ እስኪያገግሙ ብለን ፀዳ ከሚገኘው ቤታችን አሳረፍናቸው። ቀዶ ሕክምናው ደኅና ነበር። እህል ግን እምቢ አሉ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ካልበሉ ቁስሉ አይጠግግም፣ መልሰን ልናስተኛቸው ነው አለኝ። ሚስቴ አለምነሽ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እናቷ በልጅነቷ ነው የሞቱባት፤ እናትም አባትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

ዶሮ ተሠራ። ሁለት ጉርሻ ቀመሱና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠገብሁ» አሉ። ገንፎ መጣ፤ ያው። አጥሚት መጣ፤ ያው። ቢጨንቀኝ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ እስቲ አያ፣ ምን አማረዎት ብዬ ለመንኋቸው። ግድግዳ ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩና፣ «ምን ይሆናል ልጄ፤ ምናልባት የእሸት ዳቦ ቢሆን። የኛ አገሩ። ከተማ ግን ከየት ይመጣል? ተወው» አሉኝ።

ተወው? እኔ? ሚስቴ ጓዳ እያለቀሰች?

መጀመሪያ ጎረቤታችንን እትዬ የሺን ጠየቅሁ። የደንቢያ ሰው ናቸው። ነገሬን ሳልጨርስ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። በማግስቱ ትራስ የሚያክል ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ መጣ። ነጭ ሽንኩርቱ ከአጥር ውጭ ይሸታል። ለስላሳ ነው፣ ወፍራም ነው፤ የደንቢያ ሰው ደግሞ ትንሽ ነገር መጋገር አይሆንለትም። እኔ በበኩሌ ከዚህ ወዲያ ዳቦ ላሣር አልሁ።

አያ ፈንታሁን አገላብጠው አዩት። «ምነው ኮባ? በቆሎ የራሱ ቅጠል እያለው?» አሉ። ቆርሰው ቀመሱ። ነጭ ሽንኩርቱ ምን ያደርጋል አሉ። ደግመው ቆረሱ። መኻሉ ሳይበስል አልቀረም አሉና፣ ለማረጋገጥ ከመኻሉ ቆረሱ። እኔ እትዬ የሺ በአጥሩ ሰምተው ይሆን እያልሁ በኀፍረት አለቅሁ።

ቢሮ ሄጄ ለጌታቸው አወራሁት። ጌታቸው የመካነ ብርሃን ልጅ ነው፤ የእህል ነገር ከተነሣ ስብሰባም ቢሆን ያቋርጣል። በቆሎ ደግሞ ምኑ እህል ነው ብሎ ተነሣብኝ። በእነሱ ደጋ የእሸት ዳቦ ማለት የገብስ እሸት ነው አለኝ፤ ሌላው የሕፃን መጫወቻ ነው። ሚስቱ ጋግራ ላከችልን። ትንሽ፣ ጠቆር ያለ፣ ደረቅ ያለ፣ ቃሪያ በአጠገቡ ያላለፈ። ሲያኝኩት ግን እየጣፈጠ ይሄዳል። ጌታቸውን አልነገርሁትም እንጂ ሁለቱን እኔ ነኝ የበላሁት።

አያ ፈንታሁን፣ «ይኸ የብርድ አገር ዳቦ ነው፤ ጥርስ ይፈልጋል» አሉ። ጥርሳቸው ይችለው እንደሁ ለማየት ግማሹን ጨረሱት።

ከዚያ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። መቼም ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው እጁን አወናጭፎ አይመጣም። ድሮ ብርቱካን ይዞ ይመጣ የነበረው ሁሉ የእሸት ዳቦ ይዞ ይመጣ ጀመር። በምጣድ የተጋገረው መጣ፣ በእንፋሎት የበሰለው መጣ፣ ጥቁር አዝሙድ የበዛበት መጣ። በአያ ዘንድ ግን አንዱም አላለፈም። ይኸ ጨው በዛው፣ ይኸ ዱቄት ተቀላቅሎበታል፣ ይችን ደግሞ የጋገረቻት ሴት ቸኩላለች። ያን ሁሉ ሰው በከንቱ አደከምሁ። እውነተኛውን ካላገኘሁ አያ መዳናቸው ነው ወይ እያልሁ ውዬ አድራለሁ።

በመጨረሻ አንድ ሾፌር አዘዞ ሂድ አለኝ። ወይዘሮ ዘርፌን እዚያ አገኘኋቸው። የአዲ አርቃይ ተወላጅ ናቸው፤ ለመንገደኛ ይጋግራሉ። ዳቦዋ ከመዳፍ ታንሳለች። በገዛ ቅጠሏ ተጠቅልላ፣ በቅጠሏ ክር ታስራ፣ ረመጥ ውስጥ ተቀብራ ጠርዟ ለብለብ ብሏል። ቃሪያዋ እንባ ያመጣል። ለማን እንደሆነ ስነግራቸው ገንዘቤን መለሱልኝ። «ለአገሬ ሰው፣ ያውም ለታመመ፣ ልሸጥ?» አሉ ተቆጥተው።

እንዳትቀዘቅዝ ብዬ በባጃጅ በረርሁ። አያ ፈንታሁን ክሯን ፈቱ፣ አሸተቱ፣ ቀመሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ይኸማ ሸጋ ነው። ምንም አይወጣለት» አሉ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ከዚያ ቀሪውን በቅጠሉ መልሰው ጠቀለሉና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠገብሁ» አሉ።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን። ሰሞኑን ወዛ ብሎ የነበረው ፊታቸው እንደገና ገረጣ።

ምን ጉድ ነው ብዬ አለምነሽን ብጠይቃት፣ ትኩር ብላ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ አባቴ መቼ ዳቦ አማራቸው? በልጅ ባል ቤት ጠግቦ መብላት እኮ ለእሳቸው ነውር ነው። የእሸት ዳቦ ያሉህ፣ ከተማ ስለማይገኝ ትተዋለህ ብለው ነው። ያን ሁሉ የበሉት ጉድለቱን ሲፈልጉ ነው። ያ ለእሳቸው መቅመስ እንጂ መብላት አይደለም። አሁን ጉድለት የሌለው አመጣህባቸውና ምን ይቅመሱ?»

አያችሁልኝ? ጎንደርን ዞሬ ዞሬ፣ ሰውየውን የሚያስርብ ዳቦ አገኘሁ።

አዘዞ ተመለስሁ። እንዴት ተብሎ ይነገራል? ወይዘሮ ዘርፌ ሾፌር ሁሉ መኪናውን አቁሞ የሚጠብቃቸው ባለሙያ ናቸው። እባክዎ ትንሽ ያበላሹልኝ አልሁ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «በዚህ ዕድሜዬ ዘርፌ ሙያ የላትም ልባል?» ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ረመጡን ቆስቆስ ቆስቆስ አደረጉ። «ጨው ላሳንስ ወይስ ቃሪያ?» አሉኝ። እዚያው ቆሜ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አዲስ ጉድለት። አንድ ቀን ጨው የለም፣ አንድ ቀን አርሯል። አያ እየተማረሩ ፊታቸው ወዛ። አንድ እሑድ ወይዘሮ ዘርፌ ራሳቸው ሊጠይቁ መጡ። አያ ፈንታሁን አራተኛዋን እየፈቱ፣ «ይችን የጋገረች ሴት አዲ አርቃይን በሩቁም አላየችው» አሏቸው። ወይዘሮ ዘርፌ አንገታቸውን ደፍተው፣ «እውነትዎን ነው አያ፤ የከተማ ሴት ምን ሙያ አላት» አሉ። ለእትዬ የሺም፣ ለጌታቸው ሚስትም፣ ለሁሉም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ሙያዋን ለእኛ ብላ ላሳማች ለዚች ሴት ግን ምን ብዬ እንደማመሰግን እስካሁን አላውቅም።

ቁስሉ ጠገገ። ወደ አገራቸው ሲሸኙ አያ ፈንታሁን ልጃቸውን አቅፈው መረቁ፣ እኔንም መረቁ። መኪናው ሊነሣ ሲል አለምነሽን በመስኮት ጠሯት፤ እኔ እንዳልሰማ ድምፃቸውን ዝቅ ቢያደርጉም ሰማኋቸው።

«ልጄ፣ ባልሽ ሸጋ ሰው ነው። ዳቦ ግዛ ብለሽ ግን እንዳትልኪው።»