የወርቃማው ጣሳ ምስክር

ገበየሁ፦ «ሦስት ጣሳ» በል ብዬሃለሁ!

ሙርሳል፦ ሦስት ጣሳ።

ገበየሁ፦ «ጨምሬያለሁ» በላ!

ሙርሳል፦ እሱን አልልም።

ገበየሁ፦ ለምን?

ሙርሳል፦ ይከብዳል።

ገበየሁ፦ ቃሉ ነው የሚከብድህ? ቀስ ብለህ ሞክረው። ጨም... ሬ... ያለሁ።

[አሶሳ መናኸሪያ፣ ማንጎው ጥላ ሥር፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ገበየሁ በሸርቆሌ መስመር የምትሠራ ሚኒባስ ባለቤትም ሾፌርም ነው። አባቱ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ የሁለት ወር የመካኒክ ኮርስ ከወሰደ ወዲህ የማያውቀው ነገር ጠፍቶ ሰው ሲያስቸግር ይኖራል። ረዳቱ ሙርሳል የበርታ ሰው ነው። በዕድሜ ይበልጠዋል፤ አማርኛን የለመደው ጎልምሶ ስለሆነ ንግግሩ ቁጥብ ነው።

ገበየሁ ከባልደረባው ከምንያህል ጋር ተወራርዷል። «ዘይት ላይ የሞተር መድኃኒት መጨመር ይጠቅማል» ይላል ገበየሁ። «በጊዜው የተቀየረ ዘይት ይበቃል» ይላል ምንያህል። የተረታው የቅዳሜ ገበያን አንደኛ ተራ ለሦስት ወር ይለቅቃል። ተራ አስከባሪው ጂራታ ደግሞ «ባለቤት ለራሱ አይመሰክርም፤ የጨመረው ሰው መጥቶ ይማል» ብሎ ፈረደ። መድኃኒቱን ከወርቃማው ጣሳ የሚጨምረው ሙርሳል ነው። መሐላው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ገበየሁ ምስክሩን ያሠለጥናል።]

ገበየሁ፦ [ድምፁን አጎርንኖ] እንግዲህ እኔ ጂራታ ነኝ። «አቶ ሙርሳል፣ የገበየሁ መኪና ድሮ እንዴት ነበረች?»

ሙርሳል፦ ታማሚ ነበር።

ገበየሁ፦ ነበረች! መኪና ሴት ናት።

ሙርሳል፦ ሴት ናት? ጭስ ሲያጨስ አንተ ራስህ «ይሄ ርጉም» ትለው ነበር።

ገበየሁ፦ እሱ በንዴት ነው። ቀጥል።

ሙርሳል፦ ሸርቆሌ ደርሶ እስኪመለስ ዘይት ይጠጣል። ዳገት ላይ ሰው ወርዶ ይገፋል።

ገበየሁ፦ «ይገፋል» አትበል፤ «ይተባበራል» በል። «አሁንስ?»

ሙርሳል፦ አሁን ጤነኛ ነው። ዘይት አይጎድልም። ድምፁም ዝም ያለ።

ገበየሁ፦ [ከደስታው ብዛት የማንጎውን ግንድ በጥፊ መታ] እሰይ የኔ አንበሳ! «ይህን ሁሉ ያመጣው ምንድን ነው?»

ሙርሳል፦ አዲስ ዘይት። አዲስ ፊልትሮ። በየወሩ።

ገበየሁ፦ ሙርሳል! የኔ ምስክር ነህ የምንያህል?

ሙርሳል፦ ያንተ።

ገበየሁ፦ ታዲያ ጣሳውስ? ወርቃማው ጣሳ ምንም አልሠራም?

ሙርሳል፦ ሠራ እንጂ! ወንበሩ አበራ።

ገበየሁ፦ ስለ ወንበር ማን ጠየቀህ?

ሙርሳል፦ ጣሳው ምን ሠራ አልክ። ወንበሩ አበራ። ተሳፋሪው ሁሉ አየ።

[ገበየሁ ያልገባው ነገር ሲገጥመው ከመጠየቅ ማስረዳት ይቀለዋል።]

ገበየሁ፦ አሃ! ልክ ነህ እኮ። ሞተር ሲለሰልስ ንዝረት ይቀንሳል። ንዝረት ሲቀንስ አቧራ ተነሥቶ ወንበር ላይ አያርፍም። ሳይንስ ነው ይሄ። አንተ ግን እንዳታስረዳ፤ የማስረዳው እኔ ነኝ።

ሙርሳል፦ በሩም ከውስጥ በኩል አበራ።

ገበየሁ፦ እሱም በንዝረት ነው!

ሙርሳል፦ የኔ ጫማም።

ገበየሁ፦ ጫማህን ደግሞ ምን አገባው?

ሙርሳል፦ [እግሩን ዘርግቶ እያሳየ] የተረፈውን ቀባሁ።

ገበየሁ፦ ከምን የተረፈውን?

ሙርሳል፦ ከወንበሩ።

ገበየሁ፦ [ድምፁ ቀጥኖ] ሙርሳል፣ ወንድሜ፣ ያንን መድኃኒት ምን አደረግኸው?

ሙርሳል፦ ወንበሩን ወለወልኩበት። ለዚያ ነው «ጨምሬያለሁ» ማለት ይከብዳል ያልኩህ። ወላሂ ብዬ ልዋሽ?

ገበየሁ፦ ሦስቱንም ጣሳ?

ሙርሳል፦ ወንበር ብዙ ነው።

ገበየሁ፦ ወይኔ ገበየሁ! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እንግዲህ ይሄ ነው! ጣሳው ላይ መኪና ተስሎ አታይም? ከመኪናዋ ላይ ጨረር ሲፈነጥቅ አታይም? ጨረር ማለት የሞተር ጉልበት ነው!

ሙርሳል፦ [ከሾፌሩ ወንበር ሥር አራተኛውን ጣሳ አወጣ] ጽሑፍም አለው።

ገበየሁ፦ ዐረብኛ ነዋ! ማን ያነበዋል?

ሙርሳል፦ እኔ።

ገበየሁ፦ አንተ ማንበብ አትችልም።

ሙርሳል፦ አማርኛ አልችልም። ኸልዋ ግን ስድስት ዓመት ተቀመጥኩ፤ ቁርኣን ቤት። [ጣቱን ከቀኝ ወደ ግራ እያስኬደ] «ሊ ጁሉድ አስ-ሰያራት»። ለመኪና ቆዳ። የወንበር መወልወያ ነው። እዚህ ታች ደግሞ «ከልጆች እጅ አርቁ» ይላል።

ገበየሁ፦ ሌላስ ምን ይላል?

ሙርሳል፦ ስለ ሾፌር ምንም አይልም።

[ገበየሁ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። አፍሯል። ከማፈሩ ይልቅ ግን ፈርቷል፤ ቅዳሜ ማለዳ ምንያህል አንደኛ ሞልቶ ጥሩንባውን እየነፋ ሲወጣ በዓይኑ ላይ መጣበት።]

ገበየሁ፦ ባለሱቋ ነዕማ እኮ «ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ የመጣ ነው፤ የመኪና ነው» ብላ ነው የሸጠችልኝ!

ሙርሳል፦ የመኪና ነው። ነዕማ አልዋሸም።

ገበየሁ፦ አልዋሸችም! ... አንተስ ለምን አልነገርከኝም?

ሙርሳል፦ በመጀመሪያው ቀን ነገርኩ። «ይሄ ለወንበር ነው» ስልህ «ወንበር የሚያምርህ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ነው፤ አሁን ዘይት ቀይር» አልክ። በሁለተኛው «ጽሑፉን አየሁ» ስልህ ሳቅክ። ብዙ ሳቅክ፤ ሰው ጠርተህም ሳቅክ። በሦስተኛው ኸላስ፣ ዝም አልኩ።

ገበየሁ፦ [አንገቱን ደፍቶ] ሰው ጠርቼ? ... እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ሞተሬን ማን አዳነው?

ሙርሳል፦ አንተ።

ገበየሁ፦ እኔ?

ሙርሳል፦ ድሮ «ዘይት ይቀየር» ስልህ «ገና ነው» ትላለህ። ስድስት ወር፣ ሰባት ወር። ዘይቱ ሬንጅ መሰለ። ጣሳው ሲመጣ ግን «መድኃኒት በአሮጌ ዘይት ላይ አይጨመርም» ብለህ በየወሩ ዘይትም ፊልትሮም አስቀየርክ።

ገበየሁ፦ [ከጎማው ላይ ዘሎ ተነሣ] በቃ! ረታን!

ሙርሳል፦ እንዴት?

ገበየሁ፦ መድኃኒቱ ባይኖር ዘይት እቀይር ነበር? አልቀይርም! ስለዚህ ሞተሩን ያዳነው መድኃኒቱ ነው። ሞተሩ ውስጥ ባይገባም እኔ ውስጥ ገብቷል! ገባህ?

ሙርሳል፦ አልገባኝም። እኔ በዚህ አልምልም።

ገበየሁ፦ በዚህ አትማል። «ጣሳው ከመጣ ወዲህ መኪናዋ ተሻላት» በልና ዝም በል። ውሸት ነው ይሄ?

ሙርሳል፦ [ጣሳውን ገልበጥ አድርጎ አየው፤ አሰበም] ውሸት አይደለም።

ገበየሁ፦ እሰይ! ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሸርቆሌ፣ ለምሳ አሶሳ፣ ከሰዓት ደግሞ እንደገና ሸርቆሌ! ምንያህል ደግሞ ከዚህ ማንጎ ሥር ተቀምጦ... [ስልኩ ጠራ] ይኸው፣ ስሙን ሲጠሩት ይደውላል። ሃሎ፣ ምንያህል! ምነው፣ ከአሁኑ ፈራህ? ... ምን? ... ምን ደፈቀ? ... [ለሙርሳል በሹክሹክታ] መኪናዬ አረፋ ደፈቀች ይላል!

ሙርሳል፦ ምን ጨመረ በለው።

ገበየሁ፦ ምን ጨምረህባት ነው? ... ወርቃማ ጣሳ? ... ሁለት? አንተ አይደለህም እንዴ «መድኃኒት የሞኝ ነው» ስትል የከረምከው? ... እ... እውነት ይሆን ብለህ ተጠራጥረህ። ተደብቀህ። ዛሬ ጠዋት። ... ጂራታ? አጠገብህ ነው? ምን ይላል? ... «መድኃኒቱን ያወደሰ ሞተሩን ይካስ»?

[ገበየሁ የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፈነ። መድኃኒቱን ቢያወድስ ሞተር ሊክስ ነው፤ ቢያጣጥለው ቅዳሜ ልትሄድ ነው። ወዲያው መዳፉን አነሣ።]

ገበየሁ፦ የምን መድኃኒት ነው ምንያህል? ለሞተር በጊዜው የተቀየረ ዘይት ይበቃል! የገዛ ምስክሬ እንኳ ከጠዋት ጀምሮ የሚለው ይህንኑ ነው። ... አዎ፣ ረትተኸኛል! ቅዳሜን ውሰድ! ለጂራታም አሁኑኑ ንገረው፣ ጮክ ብለህ ንገረው!

ሙርሳል፦ ሞተሩን ያጥፋ በለው። አይነሣ። መኪናው ካልሄደ ይድናል። ዘይቱን እኔ መጥቼ አፈሳለሁ።

ገበየሁ፦ ሞተሩን አጥፋ! እንዳታስነሣት! ባለሙያ ልኬልሃለሁ። ... አዎ፣ ሙርሳል። ምነው፣ ምን ያስቅሃል? አትሳቅ፤ እኔም ስቄ ነበር።

[ስልኩን ዘጋ። ሞተር ከመካስ መዳኑ ቅዳሜን ከመነጠቁ ጋር ተቀላቅሎበት መጀመሪያ ተነፈሰ፤ ኋላ ግን ሳቁ አመለጠው። ሙርሳልም አብሮት ሳቀ።]

ገበየሁ፦ እኔስ ይሁን ግድ የለም፤ ግን ያ ሰው ሁለት ሙሉ ጣሳ ሲገለብጥ ምን እንደተጻፈበት አንድ ሰው እንኳ አይጠይቅም?

ሙርሳል፦ [መፍቻዎቹን ከረጢት ውስጥ እየከተተ] ለምን ይጠይቃል? እሱም እንዳንተ የተማረ ነው።